ሽንት እንቢ ያለው ወንድሜ

ባለፈው ሰሞን የታመመ ዘመድ ልጠይቅ ደሴ አንድ ሆስፒታል ገብቼ፣ አንዲት እናት ሆዱ የተነፋ ሕፃኗን አቅፋ ስታባብል አየሁ። ሽንት እንቢ ብሎት ነው። ታናሽ ወንድሜ ትዝ አለኝ።

በረሃቡ ዘመን፣ ንጉሡ ሊወርዱ ሲሉ፣ መካነ ሰላም የተወለደው ወንድሜ ሽንቱ ጠብ ጠብ ይላል እንጂ አይወርድለትም ነበር። ሲያምጥ ፊቱ ይጠቁራል። ጎረቤት "የእናቱ ኃጢአት ነው" አለ። የእርዳታ ጣቢያው ነርስ ግን፣ "የሽንት መውጫው ከማኅፀን ጀምሮ በስስ ሥጋ ተጋርዷል፤ በቀዶ ጥገና ይከፈታል" አለን።

እናቴ እኛን ትታ መሄድ አልቻለችም። ስለዚህ ቄሱ አያቴ ሕፃኑን በጋቢያቸው ጠቅልለው፣ እህል አራግፎ ወደ ደሴ የሚመለስ መኪና ላይ ወጡ። እናቴ አለቀሰች።

"አይዞሽ ልጄ" አሏት። "አንቺም አልበደልሽ፣ እሱም አልበደለ። እንዲህ ሆኖ ተፈጠረ እንጂ።"

መኪናው እህል ጭኖ ሲመለስ ሾፌሩ፣ "ሐኪም ቤቱ በር ላይ አወረድኳቸው፤ ልጁን እንቅልፍ ወስዶት ነበር" አለን። ከዚያ ወዲያ አያቴም ሕፃኑም አልተመለሱም፤ ወሬያቸውንም አልሰማንም።

ይህን እያሰብኩ ሆስፒታሉ ውስጥ እዚያው ቆሜ ሳለሁ፣ አንዲት ነርስ ቀጭን ቱቦ አስገብታ የሕፃኑ ሽንት መውረድ ጀመረ። እናቱ "አልሐምዱሊላህ!" አለች። እኔም የቄሱ የልጅ ልጅ አብሬያት "አልሐምዱሊላህ" አልኩ።