የአባቴ ቅዳሴና የተወጋው ገመድ

አባቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ ቅኔ ሲያስተምሩ የኖሩ ሰው ናቸው። ዘንድሮ ጉልበታቸው ከዳቸውና ከቤታችን እስከ ደብሩ ያለችው መንገድ ቀረችባቸው። ዐቢይ ጾም ሲገባ "ቅዳሴ ሳልሰማ ልሞት ነው" እያሉ ማልቀስ ጀመሩ። እኔ ሰው ሲያለቅስ እናደዳለሁ እንጂ ማባበል አላውቅበትም። ደብረ ማርቆስ ውስጥ የፋይበር ኢንተርኔት ገባ ሲባል ሰምቼ ነበርና ሄጄ ቅዳሴ በቀጥታ የሚታይበትን የፋይበሩን ቴሌቪዥን አስገባሁ።

ፋይበሩ ሳሎን ድረስ ያለ ችግር ደረሰ። ከዚያ እስከ አባቴ መኝታ ቤት ግን ሊገጥም የመጣው ባለሙያ በድሮው የዲሽ ገመድ እናሳልፈው አለ። ገመዱ በበረንዳው ዞሮ ግድግዳው ልስን ውስጥ ይገባል። አገናኘው።

"ምልክት የለም ይላል" አሉ አባቴ ከአልጋቸው።

ጫፉን ቆርጦ አዲስ ማያያዣ አደረገለት። "ምልክት የለም።" በረንዳው ላይ ባለፈው ገመድ እናቴ ነጠላ ታሰጣበት ኖሯል፣ ነጠላዎቹን አወረድን። "ምልክት የለም።" አባቴ ይህን የሚያነቡት በዜማ ነበር።

"ልጄ፣ የኔ ተማሪ ብትሆን ከፊደል አስጀምርህ ነበር" አሉት ባለሙያውን።

"ይቅርታ የኔታ፣ ገመዱ ነው ያስቸገረኝ።"

በመጨረሻ ባለሙያው ግድግዳውን በጣቱ እየዳበሰ ሄዶ የእመቤታችን ሥዕል ሥር ቆመ። ምስማሩን ማን እንደመታው ጠየቀ።

"እኔ ነኝ" አለች እናቴ። "ሥዕል በምሥራቅ ነው የሚሰቀል። ወዴት ላድርገው ኖሯል?"

ገመዱን መሀሉን ወግታዋለች። ሳቄ አመለጠኝ። አውርደን ምስማሩን እንንቀል ስል እናቴ እዚያው ሕግ አወጣች፤ የበላ እጅ ሥዕሉን አይነካም። ባለሙያውም እኔም በልተናል። ስለዚህ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የምትጾመው እሷ ወንበር ላይ ወጣች፣ እኛ ሁለት ጎልማሶች የወንበሩን እግር ይዘን ቆምን። ሥዕሉን ስማ አወረደችው፤ ባለሙያው ገመዱን ቆርጦ ቀጠለው።

ቴሌቪዥኑ በራ። የጾም ቅዳሴ ቀትር ላይ ስለሆነ ገና መጀመሩ ነበር። ደስ ብሎኝ አልጋው ጫፍ ላይ ልቀመጥ ስል ዲያቆኑ ለጸሎት ተነሡ አለ። አባቴ እጃቸውን ዘረጉ።

"መቋሚያዬን።"

"አባዬ፣ ተኝተው እንዲሰሙ ብለን እኮ ነው ይህን ሁሉ የለፋነው።"

"ቅዳሴ ተኝቶ የሚሰማ የት አይተሃል?"

ባለሙያው በአንድ ብብታቸው፣ እኔ በሌላው ገብተን አቆምናቸው። የባለሙያው ስልክ ኪሱ ውስጥ ይጮኻል፤ ሌላ ደንበኛ እየጠበቀው ነው። ካህኑ ሳያሰናብት ከቅዳሴ መውጣት ደግሞ የለም። በልቤ ፋይበሩንም ራሴንም ረገምሁ።

"ጋሼ፣ ስልኬን እስካጠፋ ብቻዎን ይይዟቸዋል?" አለኝ በሹክሹክታ።

ለቀቃቸው። ሙሉ ክብደታቸው እኔ ላይ አረፈ። ይከብዱኛል ብዬ እግሬን አጽንቼ ነበር። አልከበዱኝም። አባቴ ይህን ያህል መቅለላቸውን አላወቅሁም ነበር። ፈራሁ፤ ባለሙያው ስልኩን አጥፍቶ ሲመለስም አልሰጠሁትም።