ሳህኑ የነጣ ቀን

ስለ ጣሊያን ጊዜ አጫውቺን የሚሉኝ ሰዎች የሚጠብቁት ስለ አርበኞች እንድነግራቸው ነው። እኔ ግን ያን ዘመን ሳስበው ቀድሞ የሚመጣብኝ የሽንት ቤት ሳህን ነው። ምን ላድርግ፣ የዋልኩት እዚያ ነው።

ኮልፌ፣ አንድ መንገድ የሚያሠራ ጣሊያን መሐንዲስ ቤት ነበር የማገለግለው። ሃያ ዓመት አልሞላኝም። ቤቱ ዛሬ ጦር ኃይሎች ከሚባለው አለፍ ብሎ፣ ባሕር ዛፍ መሀል ነበር። ውሃው ከጉድጓድ ይሳብና ከፍ ብሎ ከተሰቀለ በርሜል በቱቦ ይወርዳል። ውሃ አይሉት ኖራ ነበር። ማንቆርቆሪያው ውስጥ ነጭ ቅርፊት ይጋገራል። ሳህኑ ውስጥ ደግሞ ቅርፊቱ መጀመሪያ ነጭ፣ ቀጥሎ ቢጫ፣ ኋላ እንደ ዛገ ቆርቆሮ ቡናማ ይሆንና ድንጋይ ሆኖ ይቀራል።

ሳህኑን የሚያጥቡት እትዬ ነበሩ። ዘመዴ አይደሉም፤ ወደዚያ ቤት ያስገቡኝ፣ ሥራውንም ያስተማሩኝ እሳቸው ስለሆኑ እትዬ እላቸዋለሁ። ጣሊያኖቹ በዚያ በየካቲቱ እልቂት ከተማውን ሲያቃጥሉ ቤታቸው ነደደ፤ አንድ ልጃቸውም አብሮ ቀረ። ከዚያ በኋላ የሚተኙት በመሐንዲሱ ግቢ፣ ማገዶ በሚቀመጥበት ቤት ነው። ከዚያ ሥራ ቢወጡ የሚያድሩበት ጣራ አልነበራቸውም። ይህን እኔም አውቃለሁ፣ የመሐንዲሱ ሚስት፣ ሲኞራዋም ታውቃለች።

እትዬ ሳህኑን የሚያጥቡት ሁላችንም ድስት እንደምናጥበው ነበር፤ በአመድ፣ በአሸዋና በተፈጨ ጡብ። ተንበርክከው ግማሽ ቀን ይፈትጋሉ። በፈተጉት ቁጥር ግን ይብስበታል፤ ልስላሴው እየተፋቀ ሲያልቅ ቆሻሻው የሚይዘው አገኘ። ማናችንም ይህ አልገባንም። ካልነጣ አሸዋ ጨምር ነው፣ ሌላ ምን ይታወቃል። ወገባቸውን ይዘው ሲነሱ ሳያቸው እኔን ይደክመኝ ነበር።

ሁዳዴ ሲጋመስ የሲኞራዋ አማት ከአገሯ ልትመጣ ነው ተባለ። ሲኞራዋ ከጄኔራሎቹ ሁሉ ይልቅ አማቷን ነበር የምትፈራው። መጋረጃ አወረደች፣ ወለል አስወለወለች፣ መጨረሻ ሳህኑ ላይ ቆማ ጮኸች። የምትለውን የሚነግረን ከአስመራ የመጣው ወጥ ሠሪ ነበር።

«እስከ ቅዳሜ እንደ ወተት ካልነጣ ይቺ አሮጊት ትውጣ ብላለች» አለን።

እትዬ እጃቸውን ገልብጠው አዩና «ይነጣል» አሉ። እንደማይነጣ ያውቃሉ።

እኛ ሰፈር ላሞች ያሏት ጎረቤት ነበረችን። ለጣሊያኖቹ አይብ ታወጣለች። አጓቱን በጾሙ የሚጠጣው ስለሌለ ለጥጃ ትሰጠዋለች፣ የተረፈውን ትደፋዋለች። አንድ ቀን ማንቆርቆሪያዋ ቅርፊት ሲያበዛባት የኮመጠጠ አጓት ሞልታ ስታሳድረው አይቻለሁ። ጠዋት ቅርፊቱ በጣት ይነሳ ነበር። ይህን ለእትዬ ነገርኳቸው።

«ምን?» አሉ፣ ጨርቁን ከእጃቸው ጥለው። «እህል ውሃን እዚያ ውስጥ? ሰው የሚራበው አነሰና? ያውም በሁዳዴ!»

«እትዬ፣ ሊደፋ ነው እኮ።»

«መሬት ላይ ይደፋ። መሬት ንጹሕ ነው። ሁለተኛ እንዳልሰማሽ!»

እኔም እልኸኛ ነበርኩ። በሆዴ፣ ኃጢአቱ የኔ ይሁን፣ ማደሪያው የእሳቸው ይሁን አልኩ። ጣሊያኖች ምሳ በልተው ይተኛሉ፤ በዚያ ሰዓት ቤቱ ጭር ይላል። እትዬም ልብስ ይዘው ወንዝ ይወርዳሉ። ሦስት ቀን በተከታታይ አጓቱን በእንስራ አምጥቼ፣ የሳህኑን ውሃ በጣሳ ጨልፌ አወጣሁ። ጨርቅ አጓት ውስጥ እየነከርኩ ቅርፊቱ ላይ ለጠፍኩ። ሲኞራዋ ልትነሳ ስትል ጨርቁን አንስቼ በእንጨት ቀስ ብዬ እፍቃለሁ። የመጀመሪያው ቀን ምንም የለም። በሁለተኛው እንደ ረጠበ እንጀራ መላጥ ጀመረ። ዓርብ ዕለት ከሥሩ ነጭ ሸክላ ወጣ። ደስ አለኝ፤ ብቻዬን ሽንት ቤት ውስጥ ቆሜ ሳቅሁ።

ለእትዬ ግን አልነገርኳቸውም። ያ ሁሉ አሸዋ በመጨረሻ የሰመረላቸው መሰላቸው። ተወው፣ እንዲያ ይምሰላቸው አልኩ።

ቅዳሜ ጠዋት ሲኞራዋ አየችው። ጎንበስ ብላ ደግማ አየች። ከዚያ አፍንጫዋን ነፋ ነፋ አድርጋ ለወጥ ሠሪው አንድ ነገር አለችው።

«እንዴት አርገሽ አነጣሽው፣ ወተት ወተት ይሸታል ትላለች» አላቸው ለእትዬ።

ከሲኞራዋ ኋላ ሆኜ ጠቀስኳቸው፤ በእጄም አዎ በሉ አልኩ። አላዩኝም። ፊታቸው ተለዋወጠ።

«እኔ ወተት? እዚያ ውስጥ? በስመ አብ! እጄ ይቆረጥ! አላደረግሁም በልልኝ፣ እኔ አይደለሁም በልልኝ!»

ወጥ ሠሪው ምን ያድርግ፣ እንዳሉት ነገራት። «ታዲያ ማነው?» ብላ ጠየቀች።

እትዬ ወደ እኔ ዞሩ። ዓይናቸው እንባ ሞልቷል። «ልጄ፣ እኔ አለመሆኔን ንገሪልኝ» አሉ።

ያዘዙኝ እሳቸው ናቸው ብል ኖሮ ማደሪያቸውን ባተረፍኩላቸው ነበር። አንዲት ቃል ነበረች። ነገር ግን ያን ፊት እያየሁ ያን ቃል ማውጣት አቃተኝ። «እኔ ነኝ» አልኩ።

ሲኞራዋ ትከሻዬን መታ መታ አደረገችኝ። ከዚያም ላንድ ሳህን ሁለት ሴት ምን ይሠራል አለች። ወጥ ሠሪው ይህን ሲተረጉም መሬት መሬት እያየ ነበር።

እትዬ ብዙ ዕቃ አልነበራቸውም፤ አንድ ቁርበትና አንድ ጋቢ ጠቀለሉ። እኛ ቤት ይምጡ ብዬ ለመንኳቸው። በአንዲት ክፍል ሰባት ሆነን እንደምንተኛ ያውቃሉና «በሰው ላይ ሸክም አልሆንም፣ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ማን ከለከለኝ» አሉ። በሩ ላይ ሲደርሱ ጭንቅላቴን ይዘው ግንባሬን ሳሙኝ።

«እግዜር ይስጥልኝ» አሉኝ። «ከዚያ ኃጢአት አወጣሽኝ። አሁን አንድ ነገር ቃል ግቢልኝ፤ ዳግመኛ እህል ውሃ እዚያ ውስጥ እንዳታፈስሺ።»

«እሺ እትዬ» አልኩ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር፤ ምርቃቱ ግን አንገበገበኝ።

አማቲቱ ሰኞ መጣች። ከርማ እስክትሄድ ስለ ሳህኑ አንድ ቃል አልተነፈሰችም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ቢጫው ቀለበት ተመልሶ ታየ። በእጄ ብፈትገው፣ በጨርቅ ብፈትገው እምቢ አለ። ሲኞራዋ በሩ ላይ ቆማ ታየኛለች። ቤቴ ደግሞ የኔን እጅ የሚጠብቅ አፍ ሞልቷል። ምን ይደረግ፣ እንስራዬን ይዤ ወደ ጎረቤታችን ሄድኩ። ጣሊያን እስኪወጣ ድረስ በየሳምንቱ፣ ጾም ሳልል ፍስክ ሳልል፣ አፈሰስኩ። ጉልበቴ ያረጀው ያኔ ነው።

እትዬን እሁድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ከነዳያኑ ጋር ተቀምጠው አገኛቸዋለሁ። ዳቦ ይዤላቸው እሄዳለሁ። ዳቦውን ከመቀበላቸው በፊት እጄን ይዘው ይጠይቁኛል።

«አላፈሰስሽም አይደል?»

«አላፈሰስኩም፣ እትዬ።»

ይመርቁኛል። ጎንበስ ብዬ አሜን እላለሁ።