ግማሽ ፊቷ የተወለወለ ቮልስ

ባለፈው ሳምንት አያት አካባቢ ካለ አንድ ላቫጆ ቆሜ ወረፋዬን ስጠብቅ፣ ጆሮው ላይ ማዳመጫ የሰካ ወጣት ጠጋ አለና «ማዘር፣ ፖሊሽ ይደረግ? ያጸዳል፣ ያበራል፣ ዋክሱም እዚያው ውስጥ አለ» አለኝ። እኔ እንዲህ ላለው ነገር ገንዘብ የማወጣ ሴት አይደለሁም፤ ግን ከጎኔ ከሚታሸው መኪና የመጣ ሽታ፣ ነጭ ጋዝና የበሰለ ሙዝ አንድ ላይ የከደኑት የሚመስል ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ ገብቶ ነበርና «ይደረግ» አልኩት። ልጁ ጨርቁን ክብ ክብ እያደረገ ማሸት ሲጀምር እኔ ከአያት ተነሥቼ ቦሌ ደርሻለሁ፤ ዘመኑ ደርግ ነው፣ ገና ትንሽ ልጅ ነኝ፣ የቤታችን በረንዳ ላይ እግሬን አንጠልጥዬ አባዬን አያለሁ።

አባዬ የማተሚያ ቤት የክፍል ኃላፊ ነበር። ከሁለታችን ከሴት ልጆቹ ቀጥሎ፣ እማዬን ብትጠይቋት ደግሞ ከእኛም በፊት፣ የሚወደው ሰማያዊ ቮልሱን ነው። ቤንዚን በኩፖን በሚታደልበት በዚያ ዘመን መኪናችን ከምትነዳበት የምትታጠብበት ቀን ይበዛ ነበር። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ የቀበሌ ስብሰባ ከሌለ፣ አባዬ ሸሚዙን አውልቆ በካናቴራ ይቀርና መጀመሪያ በዱቄት ሳሙና ያጥባታል፤ እስክትደርቅ ጋዜጣውን ያነባል፤ ከዚያ ነጭ ጋዝ ጠብ ባደረገበት ጨርቅ ከጣሪያዋ እስከ ጎማዋ ይወለውላታል። በዚህ መሀል አንዱን ሥራ ከሌላው ጋር መደረብ ነውር ነው፣ እሱን ማጣደፍም ነውር ነው፣ መኪናዋን በእጅ መንካትማ አይታሰብም። እንዲያም ሆኖ የቦሌ ፀሐይ ከአባዬ ትበረታ ነበርና ሰማያዊዋ ቮልስ ዓመት በዓመት እየነጣች ሄዳ ብዙ ጊዜ የታጠበ የተማሪ ዩኒፎርም መስላ ቀርታለች።

በአንዱ ዓመት ሁዳዴ ሲጋመስ ለታላቅ እህቴ ለጽጌ ሽማግሌ መጣ። ልጁ ብርሃኑ ይባላል፤ አውሮፕላን ማረፊያ የሚሠራ ቴክኒሻን ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ የሚመሰክርለት ጨዋ ነው። ጥፋቱ አንድ ብቻ ነበር፤ መሥሪያ ቤቱ ድሬዳዋ መድቦታል። ጽጌን ካገባ ይዟት ይሄዳል ማለት ነው። ጽጌ ደግሞ አባዬ ከሥራ ሲገባ ኮቱን የምትቀበለው፣ ሌላው የማይስቅለትን ቀልዱን ከልቧ የምትስቅለት፣ የበኩር ልጁ ናት። አባዬ ሽማግሌዎቹን በክብር አስተናግዶ «ለዳግማይ ትንሣኤ ተመለሱ» ብሎ ሸኛቸው። እሺም አላለ፣ እምቢም አላለ። ጽጌ በዚያ ማታ አብረን በምንተኛበት አልጋ ላይ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ «አባዬ ካልፈቀደ ብርሃኑን አላገባም፤ ሌላም አላገባም» አለችኝ። አለቀሰች፤ እኔም ምኑም ሳይገባኝ አብሬያት አለቀስኩ።

ብርሃኑ መጠበቁ ሳያስጨንቀው አልቀረም፤ ውጭ አገር ደርሶ የመጣ ጓደኛው ያመጣለትን አንድ ቆርቆሮ የመኪና ፖሊሽ በጽጌ እጅ ላከ። አባዬ መነጽሩን አድርጎ የእንግሊዝኛውን ጽሑፍ ደጋግሞ አነበበው። ያጸዳል፣ ያበራል፣ በሰም ይሸፍናል፤ ሦስቱንም በአንድ እጅ።

«ሦስቱንም በአንድ ጊዜ? ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» አለና ቆርቆሮውን ቡፌው ላይ አስቀመጠው። ጽጌ ቀለሟ ጠፋ።

አንድ እሁድ ግን፣ ምን እንደነካው አይታወቅም፣ ቮልሷን አጥቦ ሲያበቃ ቆርቆሮውን ይዞ ወጣ። ከኮፈኗ ጥግ ጀምሮ ማሸት ሲጀምር ያ ሽታ ግቢውን ሞላው። ጥቂት እንደቆየ ነጩ ጨርቅ ሰማያዊ ሆነ።

«ኧረ በማርያም! ቀለሙን እኮ ላጥከው!» ብላ እማዬ ከጓዳ በሩጫ ወጣች። ጎረቤታችን እትዬ ዘነበችም ጩኸቱን ሰምተው ነጠላቸውን ሳያስተካክሉ ደረሱ፤ ደግነቱ እሳቸው ሳይጠሩ የሚመጡ ሰው ነበሩ። አባዬ ማንንም ቀና ብሎ አላየም። የተቀባው ደርቆ አመድ ሲመስል በሌላ ጨርቅ ጠረገው፤ ከሥሩ እኔ በዕድሜዬ አይቼው የማላውቀው ሰማያዊ ወጣ። የረገፈው የሞተው ቀለም ነበር፤ የቮልሳችን እውነተኛ መልክ እዚያው ሥር ተቀምጦ ኖሯል። አባዬ ኮፈኗ መሀል እስኪደርስ ድረስ አሸ፤ መሀል ላይ ሲደርስ ቆመ፤ ቆርቆሮውን ከደነ፤ እጁን ታጥቦ ቤት ገባ።

ከዚያ በኋላ ቮልሷ በግማሽ ፊቷ እያበራች፣ በግማሽ ፊቷ እንደነጣች ቤንዚን በተገኘ ቀን ሥራ ትሄዳለች፣ ትመለሳለች። የሰፈሩ ልጆች አንድ ዓይኗን የተኳለች እያሉ ይስቁባት ነበር። ቤታችን ውስጥ ግን ቀልድ አልነበረም። እማዬ «ቀለሙ እንዳያልቅበት ፈርቶ ነው» ትላለች፤ እትዬ ዘነበች «ይኸ ግማሽ እሺታ ነው፤ ለሴት ልጅ አባት ግማሹም ብዙ ነው» ይላሉ። ጽጌ በየማለዳው መጋረጃውን ገለጥ አድርጋ ታያለች፤ ግማሽ ነው። ትንሣኤ መጣ፣ ተፈሰከ፤ አሁንም ግማሽ ነው። ዶሮውን እንኳ በወጉ አልበላችም።

ሽማግሌዎቹ ሊመለሱ አንድ ቀን ሲቀራቸው፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ አባዬ ሥራ አልሄደም። ቮልሷን ግቢያችን ውስጥ ካለው ዛፍ ጥላ ሥር አስጠጋና ጽጌን ጠራት። መኪናዋን በእጃችን እንዳንነካ ሲቆጣን የኖረ ሰው አንድ ንጹሕ ጨርቅ አስጨበጣት። እሱ ይቀባል፣ እሷ ትጠርጋለች። ዓይኑን ከኮፈኗ ሳያነሣ፣

«ድሬዳዋ ሙቀት ነው አሉ» አለ።

«አዎ አባዬ።»

«እዚያ የመኪና ቀለም ቶሎ ይሄዳል።»

«ጥላ ሥር ማቆም ነው» አለች ጽጌ። አባዬ ጎንበስ ብሎ የበሩን ሥር ማሸት ቀጠለ። በመስኮት ስትሰማ የነበረችው እማዬ ግን የሽማግሌዎቹን መምጣት አልጠበቀችም፤ ዘንቢሏን አንሥታ ለሠርጉ ጠላ ጌሾ ልትገዛ ሾላ ገበያ ገሰገሰች።

ሠርጉ አምሮ አለፈ። ሙሽሮቹን ለባቡር ለገሃር ድረስ ያደረሰቻቸው ራሷ ቮልሷ ነበረች፤ የመንገዱ ዛፍ ሁሉ ፊቷ ላይ እየታየ። ስንመለስ አባዬ በጣም ቀስ ብሎ ነዳ፤ ማንም ቶሎ በል አላለውም።

በሚቀጥለው እሁድ ባልዲውን አወጣና «ጽጌ! ውሃ!» ብሎ ተጣራ። እማዬ ከሽንኩርቱ ቀና ብላ አየችኝ። እኔ አስቴር ነኝ። «አቤት አባዬ» አልኩና ውሃውን ይዤለት ወጣሁ። አየኝ፤ ስሕተቱ ገባው፤ ውሃውን ተቀብሎኝ ማጠቡን ጀመረ። ከዚያ ወዲያ እስኪያርፍ ድረስ ሲያሻው አስቴር፣ ሲያሻው ጽጌ ሲለኝ ኖረ፤ አንድም ቀን አላረምኩትም፤ ሁለታችንንም የጠራ ይመስለኝ ነበር።

ቮልሷን ከሸጥናት ቆየን፤ ግቢው ላይ ፎቅ ተሠርቶበታል። እማዬም ሄዳለች፤ ጽጌም ልጆቿን ለወግ ለማዕረግ አብቅታ እዚያው ድሬዳዋ አርፋለች። ዛሬ ሰው ሁሉ ስሜን አስተካክሎ ይጠራኛል።