የናፍጣው ለቅሶ

ወፍጯችን ከመካነ ሰላም የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ ወጣ ብሎ፣ ደጋው አልቆ ገደሉ በሚጀምርበት አፋፍ ላይ ነበር። ከገደሉ ማዶ ያሉት መንደሮች አይታዩንም፤ እኛም አንታያቸውም። የሚያገናኘን የሞተሩ ድምፅ ነው። አባቴ የጭስ ማውጫው አፍ ላይ ጣሳ አስሮበት ስለነበር ኩ፣ ኩ፣ ኩ የሚለው ጩኸት ወንዙን ተሻግሮ ይሰማል። የማዶ ሰዎች እሱን ሲሰሙ አህያቸውን ጭነው ዳገቱን ይወጣሉ። በአካባቢው ሰው ሲሞት አባቴ እስከ ቀብር ድረስ ሞተሩን ያጠፋ ነበርና ዝምታውንም ያውቁታል። ዝም ካለ "ዛሬ ደግሞ ማን ሞተ?" ይባባላሉ።

አባቴን ሽባነት ግማሽ አካሉን የያዘው እኔ ስምንተኛ ክፍልን የጨረስኩ ዓመት ነው። ወንድሜ ጅዳ ሄዶ ወሬው ከጠፋ ቆይቷል። እናቴ በሽተኛ ታነሳለች፣ ታስተኛለች። ወፍጮው ለእኔ ቀረ። ድንጋይ መውቀር፣ ቀበቶ ማጥበቅ፣ ሞተር ማስነሳት ከልጅነቴ እያየሁ ያደግኩበት ነው። ያልቻልኩት ሰውን ነው። ተራ የሚጋፋ ሰው ሲመጣ ቀና ብዬ "ተራህን ጠብቅ" ማለት ያቅተኛል። ሞተሩ ሲጮህ እናገራለሁ፤ ያኔ ማንም አይሰማኝም። "ይቺ ልጅ ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች እንጂ አታወራም" እያሉ ይስቁብኛል፤ እኔም ሻርፔን ወደ አፌ እስባለሁ።

በዚያው ሰሞን ከተማው ውስጥ የመብራት ወፍጮ ተከፈተ። ዱቄቱ የላመ ነው ተባለ። የቅርብ ጎረቤቶቻችን አንድ በአንድ ወደዚያ ሄዱ። የቀሩልን የማዶ ሰዎች ብቻ ሆኑ። እነሱም ከሄዱ ወፍጮው እንደሚዘጋ፣ ከወፍጮው ሌላ መተዳደሪያ እንደሌለን ሦስታችንም እናውቅ ነበር፤ አንናገረውም እንጂ።

አንድ ክረምት የደሴ መንገድ በጭቃ ተያዘና ናፍጣ የሚያመጣልን መኪና ቀረ። ሞተሩ ቆመ። አባቴ አልጋው ላይ እንዳለ ጠራኝ።

"ቅዳሜ ገበያ ውጪና ለማዶ ሰዎች ንገሪ። ናፍጣ ነው፣ ሰሞኑን ይመጣል በያቸው። ካልነገርናቸው ከተማውን ይለምዱታል።"

ገበያ ወጣሁ። እህል ተራ ጥግ ላይ ቆምኩ። የማውቃቸው ሰዎች ነበሩ፤ ለአንዱ ብነግረው ለሁሉም ያደርስልኝ ነበር። "አባትሽ እንዴት ናቸው?" አሉኝ። "እንደዚያው ናቸው" አልኩ፣ መሬት መሬቱን እያየሁ። ስለ ናፍጣው ሳልነግራቸው ጨው ገዝቼ ተመለስኩ። አባቴ "ነገርሻቸው?" ሲለኝ "አዎ" አልኩት።

ማክሰኞ ጠዋት ከገደሉ አፋፍ ለቅሶ ሰማን። እናቴ "ማን ሞተ?" ብላ ስትወጣ ሰዎቹ የሚመጡት ወደ እኛ ግቢ ነው። ወንዶቹ ዱላቸውን ተደግፈው፣ ሴቶቹ ደረታቸውን እየመቱ። ከፊት ገብስ የሚያስፈጩ አንዲት አሮጊት ነበሩ፤ በለቅሶ ግጥም አገር ያውቃቸዋል።

"ሞተሩም ዝም አለ ጌታውን ተከትሎ፣
ማን ይጠራን ይሆን ኑ እህል አምጡ ብሎ።
ልጂቱም ዝምተኛ፣ ድምፅ ያልሰጣት አምላክ፣
እህሉስ ከንግዲህ ወደ ማን ቤት ይላክ።"

ያኔ ከውስጥ የአባቴ ድምፅ መጣ። "ያለቀው ናፍጣው ነው እንጂ እኔ አይደለሁም!"

ለቅሶው ቆመ። ከወንዶቹ መካከል አንድ ሽማግሌ "ሱብሃነላህ! ሞተውም የሚያወሩት ስለ ናፍጣ ነው?" አሉ።

"ግቡ፣ ግቡ። ይህን ዳገት ወጥታችሁ ውሃ ሳትጠጡ አትመለሱም" አለ አባቴ።

አሮጊቷ ገብተው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። "አንተ ሰውዬ፣ ይህን ሁሉ እንባ አፍስሼ! በል እንባዬን መልስልኝ!"

"ለቀኑ ይቀመጥልኝ። ግጥሙ ግን ጥሩ ነበር፤ እሱን አይለውጡት።"

ቤቱ በሳቅ ሞላ። ነገሩም "የናፍጣው ለቅሶ" ተብሎ ስም ወጣለት። እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ ግን አባቴ "ገበያ ላይ ለማን ነበር የነገርሽው?" አለኝ። የውሃውን ብርጭቆ መሰብሰብ ጀመርኩ። ደግሞ አልጠየቀኝም። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ናፍጣው መጣ። ሞተሩ ግን ከዚያ ወዲህ አንድ ሳምንት ሠርቶ ሁለት ቀን ይቆም ጀመር፤ አንዴ በናፍጣ፣ አንዴ በእርጅና። የማዶ ሰዎችም ዝም ባለ ቁጥር "ናፍጣ አለቀባት" ማለት ለመዱ። አንዳንዶቹ በደጃችን አልፈው አህያቸውን ወደ ከተማ ነዱ።

አባቴ የሞተው በኅዳር፣ አጨዳ ላይ ነው። ጠዋት ላይ እናቴ መጥታ ወፍጮ ቤቱ በር ላይ ቆመች። የጀመርኩት ጆንያ ሳያልቅ ሞተሩን አጠፋሁ።

ጀናዛ አያድርም፤ አስከሬኑ በዕለቱ ይቀበራል። ወደ ማዶ መልእክተኛ ብንልክም ወንዙን ተሻግሮ ዳገቱን እስኪወጣ ቀብሩ ደረሰ። በእኛ አገር ጀናዛ የሚሸከም ሰው ጥቂት ሄዶ ለሌላው ይለቃል፤ ከአላህ የሚያገኘው ምንዳ እንዳያመልጠው ሁሉም ይሻማል። የአባቴን ያነሱት ሰዎች ግን ከቤት እስከ መቃብር እነሱው ናቸው ያደረሱት። የሚቀበላቸው አልነበረም። አጥሩ ሥር ቆሜ፣ ትከሻ ሳይለወጥ ሲርቁ አየኋቸው።

በሦስተኛው ቀን የማዶ ሰዎች መጡ። አላለቀሱም፤ አንገታቸውን ደፍተው ገቡ። አሮጊቷ እጄን ያዙኝ።

"ዝም ማለቱን ሰማን እኮ፣ ልጄ። ናፍጣ አለቀባት ተባባልን። ሳቅንም። አውፍ በይን፣ ይቅር በይን።"

"ጥፋቱ የእኔ ነው" አልኩ። "ያን ጊዜ አባዬ ንገሪያቸው ብሎ ገበያ ልኮኝ፣ ሳልነግራችሁ ነው የተመለስኩት።"

ሽማግሌው "ተይው፣ የአላህ ቀጠሮ ነው" አሉ። ማንም አልወቀሰኝም። ቢወቅሱኝ ይቀለኝ ነበር።

በሳምንቱ ሞተሩን አስነሳሁ። የማዶ ሰው ሁሉ መጣ፤ አህያው ግቢውን ሞላው። ወፍጮው የተረፈልን መሰለኝ። ጆንያዎቹን ስፈታ ግን በአንዳንዶቹ ስፌት ውስጥ የላመ ነጭ ዱቄት አገኘሁ። የእኛ ድንጋይ እንዲያ አያልምም። ከተማ አስፈጭተው፣ ቤታቸው ዱቄት እያለ፣ የአጨዳ ሥራቸውን ትተው ለእኔ ሲሉ ሌላ እህል ጭነው ነው የመጡት። የይሉኝታ እህል ነበር። ፈጨሁላቸው።

በሁለተኛውም ሳምንት መጡ። በሦስተኛው አሮጊቷ ዳገቱን ጨርሰው፣ ትንፋሽ አጥሯቸው ደጃፉ ላይ ቁጭ አሉ። ጆንያቸው ግማሽ እንኳ አይሞላም። ሞተሩን አጥፍቼ አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

"እማማ፣ ከዛሬ ወዲያ ከተማ ያስፈጩ። ለሌሎቹም ይንገሩልኝ። አልቀየምም።"

"ወፍጮውስ?"

"ይዘጋል።"

"አንቺስ?"

እንጃ አልኳቸው። ያችኑ ገብስ ፈጭቼ፣ አህያቸው ላይ ጭኜ ሰደድኳቸው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ የማዶ ሰዎች በደጃችን አልፈው ወደ ከተማ ወጡ። እናቴና እኔ በሩ ላይ ነበርን። ቀስ ብለው ሰላም አሉን፤ ቀና ብለው ግን አላዩንም። የአሮጊቷ አህያ ጭነቷን እንደተሸከመች በልማዷ ወደ ግቢያችን ታጠፈችና ወፍጮ ቤቱ ፊት ቆመች። አሮጊቷ ደንግጠው "ሂጂ! አንቺ እፍረት የለሽ!" እያሉ በዱላ መቷት። ንቅንቅ አልል አለች።

"ይተዋት፣ እሷ ምን ታውቃለች" አልኳቸው። አንገቷን ይዤ አዞርኳትና እስከ መንገዱ ድረስ ሸኘኋት።