ገብረ ናፍጣ የተጠመቀበት ቀን

ዛሬ ጠዋት የወፍጮ ቤቱን በር ከፍቼ የሞተሩን የዘይት መለኪያ ዘንግ ስመዘው ያ የድሮ ሽታ፣ ናፍጣና የገብስ ዱቄት አብረው ታፍነው የከረሙበት ሽታ፣ አፍንጫዬን ሞላውና እጄን ሳልጠርግ ቁጭ አልሁ። ሞተሩን የሚገዛው ሰው ከወልድያ መካኒክ ይዞ እየመጣ ነበር። የመብራት ወፍጮ አገራችን ብልባላ ከገባ ወዲህ ይህ ሞተር አንድ ቁና እህል ፈጭቶ አያውቅም፤ እኔ ግን በየዓመቱ ውስጡን እያጠብሁ፣ ዘይቱን እየቀየርሁ አቆይቼዋለሁ። ለምን ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው በቤቱ ስለሌለ ምክንያት መፈለግም አላስፈለገኝም።

አባቴ አያ ሞላ ባለ ወፍጮ ነበር። ስምንት ዓመቴ ሳለ ሞተሩ ክረምቱን ሙሉ ጥቁር ጭስ ሲተፋና ሲንተፋተፍ ከርሞ፣ አባቴ ለእናቴ "ታሞብኛል" ሲላት ሰማሁ። ለእኔ ነገሩ ግልጽ ነበር፤ የእናቴን ሳል ያቆመላት የይምርሐነ ክርስቶስ ጠበል በጀሪካን ተርፎ ተቀምጧል። አንድ ማለዳ አባቴ ከውጭ እህል ሲመዝን ገብቼ የዘይት መሙያውን ክዳን ከፈትሁና በስመ አብ ብዬ ግማሹን አጠጣሁት። የቀረውን ደግሞ፣ እንደ ደንቡ፣ ፊቱ ነው ብዬ ባሰብሁት በኩል ረጨሁት።

አባቴ ዘይቱን ሳያይ የማስነሻውን ማኒቬላ የማይጨብጥ ሰው ባይሆን ኖሮ ያ ቀን የሞተሩም የእንጀራችንም መጨረሻ በሆነ ነበር። ዘንጉን መዘዘው፤ ዘይቱ ወተት የገባበት ሻይ መስሏል። ዞር ብሎ የረጠበ ቀሚሴን አየ፤ ጀሪካኑን አየ። በር ላይ አህዮቻቸውን ጭነው የተሰለፉት ሰዎች ምን ሆነ ቢሉት "እኔው ነኝ፤ ጀሪካን ተሳስቼ ውሃ ጨመርሁበት" አለ። ከተሰለፉት መካከል ቀልደኛው ጎረቤታችን አያ ደሳለኝ "እሰይ! የክርስትና ስሙንስ ማን አሉት አያ ሞላ?" ብለው ጠየቁና፣ መልስ ሳይጠብቁ ራሳቸው "ገብረ ናፍጣ" ብለው ሰየሙት። አባቴም ከዚያ ቀን ጀምሮ "አጥማቂው" ሆኖ ቀረ።

እህሉ ሳይፈጭ ተመለሰ፤ አባቴ ሁለት ቀን ሙሉ ሞተሩን አጠበ። የዘይት መውጫውን ብሎን ፈትቶ እስከ መጨረሻው ጠብታ አንጠፈጠፈው፤ የጎን ክዳኑን ከፍቶ የዓመታት ጥቁር ዝቃጭ ክር በማይተው ጨርቅ ጠረገ፤ ቀጭን ዘይት በጥቂት ናፍጣ በጥብጦ ሞላበትና ነዳጁን ዘግቶ ሞተሩን ሳያስነሳ በእጁ እያዞረ አንቦጫቦጨው። ደፋው፤ እንደገና ሞላው። የሚወጣው ነገር ወተት መምሰሉን ሲተው ብቻ አዲስ ዘይት አድርጎ፣ ወፍጮውን ሳያስጎትት ለጥቂት ጊዜ በቀስታ አስነሳው፤ ሞቅ እንዳለም ያንኑ ዘይት ደፍቶ ሌላ ቀየረለት። እኔን አጠገቡ አስቀምጦ "ናፍጣ ያጥባል እንጂ አያለሰልስም፤ ብቻውን አይሆንም። የቆየ ቆሻሻም ባንዴ ከተነቀለ የዘይቱን መንገድ ይደፍናል፤ ቀስ ነው ልጄ" አለኝ። ስለ ጠበሉ ግን እስኪሞት ድረስ አንድም ቀን አላነሳብኝም።

እኔም አላነሳሁም። በተዝካሩ ዕለት አያ ደሳለኝ ያንኑ ወግ ሲያወጉ ድንኳኑ ሙሉ ሰው እንባውን እየጠረገ ሳቀ። እኔ ነኝ ልል አፌን ከፈትሁ፤ ከዚያ አብሬ ሳቅሁ። ያ ሳቅ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል። አያ ደሳለኝም አሁን የሉም።

ከሰዓት በኋላ መካኒኩ መጣና ክዳኑን ከፍቶ ውስጡን ለረጅም ጊዜ ዳበሰ።

"ውሃ ገብቶበት ያውቃል?" አለኝ።

"ያውቃል። እኔ ነኝ ያስገባሁት" አልሁት።

"አይዞሽ እትዬ፣ ያጠበው ሰው ጎበዝ ነበር" አለና ክዳኑን ገጠመው።

ለአምስት ሆነው መኪና ላይ ጫኑት። ስሙን አልነገርኋቸውም። መኪናው ቁልቁለቱን ሲወርድ ወፍጮ ቤቱን ቆልፌ ገባሁ፤ አባቴን አጥማቂው ብሎ የሚቀልድበት አንድ ሰው ቢኖር ኖሮ፣ ዛሬ ደፍሬ እኔ ነኝ ብዬ አፉን አስይዘው ነበር።