የኢሳይያስ በሮች

በሲያትል ሌክ ሲቲ ሰፈር ውስጥ የታክሲው ጣራ ላይ በር አስሮ የሚዞር ሰው ኢሳይያስ ብቻ ነበር። ቤት የሚያድሱ ሰዎች አሮጌ በር ነቅለው መንገድ ዳር ጥለው ካየ ልቡ እዚያው ይቀራል። ተሳፋሪውን አድርሶ ይመለስና በሩን በገመድ ጠፍሮ ወደ ቤቱ ይነዳል። ሚስቱ ማንአልሞሽ ጋራዡ ደጃፍ ላይ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ትቀበለዋለች።

«ሰው ቤት ይገዛል፣ አንተ በር ትለቅማለህ። ቤቱስ መቼ ይመጣል?»

«ቤቱ መድረክ ላይ ነው» ይላታል።

«እንግዲያው እዚያው እደር።»

በሮቹ ለቲያትር ነበሩ። ኢሳይያስ አዲስ አበባ ተማሪ ሳለ አንድ እንግሊዛዊ መምህር የአገሩን የሳቅ ቲያትር ለወላጆች ቀን አዘጋጅቶ፣ እሱን አሽከር አድርጎ አጫውቶት ነበር። ባል በአንዱ በር ሲገባ እንግዳው በሌላው ይወጣል፤ ሱሪው የጠፋበት ሰው ቁም ሣጥን ውስጥ ይደበቃል። «ከበሩ ጀርባ ያለውን ነገር ተመልካቹ ሁሉ ይወቅ፤ በሩን የሚከፍተው ሰው ብቻ አይወቅ። ሳቅ የሚመጣው ከዚያ ነው» ብሎ መምህሩ አስተማረው። በዚያ ቀን፣ ቤቱ ውስጥ ጥርሱ ታይቶ የማያውቀው የኢሳይያስ አባት እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ኢሳይያስ ያንን ሳቅ ዕድሜውን ሙሉ ሲከተለው ኖረ።

ሲያትል ከመጣ በኋላ የእንግሊዞቹን የሳቅ ቲያትሮች ከቤተ መጻሕፍት እየተዋሰ በመዝገበ ቃላት አነበበ። ኤርፖርት ወረፋ ሲጠብቅ መሪው ላይ ወረቀት ዘርግቶ ይጽፋል። የማኅበረሰቡ ኮሚቴ በየበዓሉ በንግግርና በሎተሪ መካከል ትንሽ ሰዓት ይሰጠዋል፤ ሰዉ ገና መሳቅ ሲጀምር የመድረክ መሪው ማይክራፎኑን ይቀበለዋል። ከዚያም አንዱ ይመጣል።

«ሶ፣ ጋሽ ኢሳይያስ፣ መልእክቱ ምንድን ነው?»

«ሳቅ ነው።»

«እሱስ ኦኬ። ግን መልእክቱ?»

በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ ዐሥራ አንድ ግን ኮሚቴው የእንቁጣጣሽን ዝግጅት በሙሉ ለእሱ ለቀቀለት። ዕድሜው ስድሳን አልፏል። «አንድ ጊዜ ብቻ» አላት ማንአልሞሽን፣ «አንድ ሙሉ አዳራሽ እንደ አባቴ ሲስቅ ልይ። ከዚያ በኋላ በር አላመጣም።» እሷም ለመጀመሪያ ጊዜ አላሾፈችበትም። መኪናዋን ከጋራዥ አውጥታ ደጅ ፓርክ አደረገችና ቦታውን ለልምምድ ለቀቀችለት።

የቲያትሩ እምብርት የሽማግሌዎቹ ትዕይንት ነበር። ባልና ሚስት ተጣልተው ሽማግሌዎች ሊያስታርቁ ይመጣሉ። እንደ ወጉ «እሺ ካላላችሁን አንቀመጥም» ብለው ይቆማሉ። ባልና ሚስቱ ገና ከመጠየቃቸው «እሺ፣ እሺ» ይላሉ። ሽማግሌዎቹ «እንግዲያው ወንበር!» ሲሉ ግን ወንበር የለም። የቤቱ ወንበሮች ሁሉ የሚስቲቱ የድሮ እጮኛ የተደበቀበትን በር ደግፈው ተቆልለዋል። ሚስት ሆና የምትጫወተው ሣህሊቱ ከታኮማ ድረስ እየነዳች ትመጣለች፤ በሆስፒታል ነው የምትሠራው። «ጋሽዬ፣ ሺፍት ቼንጅ ያደረግኩት ለዚህች ትዕይንት ብዬ ነው። እዚህ ጋ ስደርስ ሳቄን መያዝ አልችልም» ትለው ነበር።

ወሬ ጆሮ አለው፣ እግርም አለው። «ኢሳይያስ በሽማግሌ ሊያስቅ ነው» ተባለ። በዓሉ ሊደርስ ሲል፣ እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ የቤቱ በር ተንኳኳ። ኢሳይያስ ራሱ ሄዶ ከፈተ። ሦስት ሽማግሌዎች ነጠላቸውን አጣፍተው ቆመዋል፤ ከፊት ከዘራቸውን የያዙት አባባ ጳውሎስ ናቸው፣ የማኅበረሰቡን ጠብ ሁሉ የሚያበርዱት።

«ኖር! ግቡ፣ ግቡ። አረፍ በሉ።»

«የመጣንበትን ሳንፈጽም አንቀመጥም» አሉ አባባ ጳውሎስ።

ኢሳይያስ ሊስቅ ምንም አልቀረውም። የራሱ ትዕይንት ነበር፣ ቃል በቃል። ጓዳ ውስጥ ማንአልሞሽ ሳቋን ስታፍን ተሰማው፤ ቀጥሎ አንድ ነገር ወድቆ ተሰበረ።

«ምን ላድርግላችሁ፣ አባቶቼ?»

«የሽማግሌዎቹን ነገር አውጣልን። ልጆቻችን እዚህ አገር ለእኛ ያላቸው ክብር ይህችው ሽምግልናችን ናት፤ አንተ ደግሞ ለመሳቂያ መድረክ ላይ ታወጣታለህ?»

«አባባ፣ ክፋት የለበትም። የሰው ልጅ ነው የሚሳቅበት፤ እኔም አለሁበት። ያንን ካወጣሁ የሚቀር ቲያትር የለም።»

«እንግዲያስ ቆመን እንውላለን።»

ቆሙ። ኢሳይያስም ቆመ። ማንአልሞሽ አቅርባው የተመለሰችው ሻይ ቀዘቀዘ። ከዚያ የአባባ ጳውሎስ ጉልበት መንቀጥቀጥ ጀመረ። ከዘራቸው ወለሉን ይመታል፣ ከንፈራቸውን ነክሰዋል፣ ግን ወንበሩን አላዩትም። ኢሳይያስ አባቱን አሰበ። የሰማንያ ዓመት ሰው እሱ ቤት ወድቆ፣ ነገ በምን ፊቱ ሰው ፊት ይቆማል?

«እሺ» አለ። «እሺ፣ አባባ። ብቻ ይቀመጡ።»

ተቀመጡና መረቁት።

ሲወጡ ማንአልሞሽ ከጓዳ መጣች። አልሳቀችም። «ትዕይንቱን ሰጠሃቸው?» አለችው። ኢሳይያስ የቀዘቀዘውን ሻይ ወደ ጓዳ መለሰ።

በእንቁጣጣሽ ቲያትሩ ታየ። ሣህሊቱ በሮቹን ስትከፍትና ስትዘጋ ሰዉ የምግቡን ሰልፍ በዓይኑ ይፈልግ ነበር። በመጨረሻም «ትዳርን ስለማክበር ላስተላለፈው መልእክት» ተብሎ በጭብጨባ ተመሰገነ። ኢሳይያስ ከዚያ ወዲያ አልጻፈም። በሮቹን ለኮሚቴው ሰጠ፤ ኮሚቴውም እግር አስገጥሞ የአዳራሹ የግብዣ ጠረጴዛ አደረጋቸው።

ከሁለት ዓመት በኋላ ኢሳይያስ ቲያትሩ በታየበት አዳራሽ ሠርግ ተጠራ። ምግቡ ተነሥቶ ጨዋታ ሲደራ አባባ ጳውሎስ ማይክራፎን ተቀበሉ።

«አንድ ጊዜ» አሉ፣ «ይኸውላችሁ ኢሳይያስ እዚያ ተቀምጧል፣ ይቅር ይበለኝ፤ ቤቱ ሄደን አንቀመጥም አልነው። እሱም እንደ እኛው ቆመ! ሻዩ ይቀዘቅዛል፣ እኛ ቆመናል፤ ሚስቱ ጓዳ ውስጥ ሰሃን ትሰብራለች፣ እኛ ቆመናል!» ዝም አሉ፤ ልክ ዝም ማለት የሚገባቸው ቦታ ላይ። «እምቢ ሊለን ነው ብዬ ፈራሁ። ጉልበቴስ የዚያን ጊዜ ደህና ነበር። ምን ይደረግ፣ ትንሽ አንቀጠቀጥኩለት!»

አዳራሹ ተናጋ። ሙሽራው ጠረጴዛውን ይደበድባል፣ ሚዜዎቹ እርስ በርስ ይደጋገፋሉ፣ ነጭ የለበሱ አሮጊቶች በነጠላቸው ጫፍ እንባቸውን ይጠርጋሉ። የዚያን ቀን ከአባባ ጳውሎስ ጋር የመጡት ሁለቱ ሽማግሌዎችም ይስቃሉ፤ የጉልበቱን ነገር ከመጀመሪያው ያውቁት ኖሯል። ሣህሊቱ ብቻ ከሩቅ ኢሳይያስን አየችውና ዓይኗን ሰበረች።

አጠገቡ የተቀመጠው ሰው ትንፋሹ እስኪመለስለት ጠብቆ ክንዱን ነካው።

«ጋሽ ኢሳይያስ፣ እርስዎም እንዲህ ያለውን ቢጽፉ ምን አለ?»

ኢሳይያስ ፈገግ አለ፤ ፈገግ ማለት ወግ ነበር። ከጠረጴዛው ነጭ ጨርቅ ሥር ጣቱ የአሮጌ በሩን የቁልፍ ቀዳዳ አገኘ፤ ሳቁ እስኪበርድም ከዚያ አላወጣውም።