የሀይረዲን ቢሮ መብራት

ሥርጉት ተስፋሚካኤል ያደገችው አቃቂ ባቡር ጣቢያ ጀርባ፣ ቤተሰቡ ሁሉ በአንድ ኩራዝ በሚያመሽበት ቤት ነው። አባቷ የባቡር ሠራተኛ ነበሩ። እራት እንደተበላ «ለወሬ ብርሃን አያስፈልግም፤ አፍ መንገዱን አይስትም» ይሉና ኩራዙን እፍ ይሉታል። ይህ ልማድ ከልጅቷ ጋር አብሮ አደገ። ጎልምሳ፣ ቃሊቲ ካለው የዩኒቨርሲቲ ግቢ በጸሐፊነት ስትቀጠርም፣ ሰው የሌለበት ክፍል በርቶ ካየች ሳታጠፋ አታልፍም ነበር።

መብራት በፈረቃ የሆነበት ዓመት መጣ። ግቢው ሠራተኛው መብራትና ወረቀት እንዲቆጥብ የሚቀሰቅስ ሰው ሲፈልግ፣ ጣት ሁሉ ወደ ሥርጉት ተቀሰረ። ማስታወቂያ ለጠፈች። ቢሮ ለቢሮ እየዞረች «ስትወጡ አጥፉ፣ ወረቀቱንም ገልብጣችሁ አትሙበት» ትል ጀመር።

«እትዬ ሥርጉት» አላት መምህር ቀናው አንድ ቀን፣ «አገር በፈረቃ እያጠፋልን አንቺ ደግሞ የቀረችውን ልታጠፊ ነው?»

ሰው ይስቅባታል እንጂ አይጠላትም። ከሁሉ የምትወደውም፣ ከሁሉ የምትጨቀጭቀውም ሀይረዲንን ነበር። ሀይረዲን ስታቲስቲክስ የሚያስተምር የስልጤ ልጅ ነው፤ ቢሮው ፎቅ ላይ፣ ከኮሪደሩ መጨረሻ ነው። ገና ወጣት ነው፤ ሐሳቡ ሁልጊዜ ሌላ ቦታ ነው። መብራቱም ፕሪንተሩም እንደበሩ ትቷቸው ይወጣል።

አንድ ሐሙስ ጠዋት የሠራተኞች ስብሰባ ላይ ሥርጉት ትዕግሥቷ አለቀ። «ሌላውስ ተሻሽሏል፤ የሀይረዲን ግን በሽታ ነው» አለች፣ ሰው ሁሉ ፊት። አዳራሹ በሳቅ ተሞላ። ሀይረዲንም ሳቀ፤ ጆሮው ግን ቀልቶ ነበር። «ሁለተኛ አይለምደኝም፣ እትዬ» አላት።

የዚያን ቀን ከሰዓት መብራት ሄደ። ክፍሎቹ ጨልመው ስለዋሉ የማን ማጥፊያ እንዳልተነካ ልብ ያለ አልነበረም። ማምሻውን ሀይረዲን የግቢው በር ጋ ደርሶ ድንገት ቆመ። «ወይኔ! ማጥፊያውን ሳልነካው ወጣሁ። እትዬ ሥርጉት ትገድለኛለች!» አለው ለጥበቃው ለጋሽ ዱሬሳ፤ ወዲያውም ተመለሰ። ከሕንፃው ደረጃ ሲደርስ የሠራተኞቹ ሰርቪስ ጡሩምባ ነፋ። አመነታ። ወደ ላይ አየ፣ ወደ በሩ አየ፤ ከዚያ ዞሮ ሮጠ። ሰርቪሱ የቆመው ከአስፋልቱ ማዶ ነበር። ወደ ደብረ ዘይት የሚወርድ የጭነት መኪና መሀል መንገድ ላይ አገኘው።

በማግስቱ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ተቀበረ። ግቢው ባዶውን ቀርቶ ሁሉም ቀብር ሄደ። ሲመለሱ ጀምበር አዘቅዝቃለች፤ ከሰርቪሱ እየወረዱ ቀና ሲሉ ከፎቁ መስኮቶች አንዱ ብቻ በርቷል። መብራት መጥቶ ነበር። ቀናው ባርኔጣውን አወለቀ።

የሀይረዲን ቢሮ በር አልተከፈተም። ቁልፉ ከሟቹ ኪስ ወደ ፖሊስ ሄዷል፤ የሟች ቢሮ የሚከፈተው ደግሞ ኮሚቴ ተቋቁሞ ንብረት ሲቆጠር ነው። ኮሚቴው ዛሬ ነገ ሲል ወራት ሄዱ። በነዚያ ወራት የሥርጉት ቅስቀሳ እንዳሰበችው ሠመረላት። ከሀይረዲን ወዲህ መብራት ሳያጠፋ የሚወጣ ጠፋ። ስለዚህ መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር፣ በዚያ ሁሉ ጨለማ መሀል የሚበራው የእሱ ክፍል ብቻ ሆነ። በበሩ ሥር ቀጭን ብርሃን ይወጣል፤ ፕሪንተሩም ከእንቅልፉ እንደነቃ ሰው ያጉረመርማል፣ ይንቋቋል፣ ዝም ይላል። ጽዳት ሠራተኞቹ ያንን ኮሪደር ለብቻ መጥረግ እንቢ አሉ።

ሥርጉትን ያመማት ግን ሌላ ነው። ጋሽ ዱሬሳ ለቅሶ ላይ፣ ሟቹን በመልካም ሊያነሣ ብሎ፣ የመጨረሻ ቃሉን ነግሯት ነበር። «እስኪሞት እንኳ ይፈራሽ ነበር» አላት እንባውን እየጠረገ። ክፋት አልነበረበትም። እሷ ግን ከዚያ ወዲያ መብራት በመጣ ቁጥር «ትገድለኛለች» የሚለው ድምፅ ይሰማታል። ማስታወቂያዎቿን አንድ በአንድ ገነጠለቻቸው። ለምን ያላት የለም።

በመጨረሻ ኮሚቴው ተሰብስቦ በሩ በባለሙያ ተከፈተ። የሀይረዲን ሚስት ዙለይኻ እቃውን ልትረከብ ከሳሪስ መጣች። ሥርጉት አብራት ገባች። መብራቱ እንደበራ ነው። ከጠረጴዛው ሥር አንድ ወገናቸው የታተመባቸው ወረቀቶች፣ ባዶው ወገን ወደ ላይ እየሆነ፣ በሲባጎ ታስረው ተደርድረዋል።

«ለፈርዶሳ ነው» አለች ዙለይኻ። «ለልጃችን። በጀርባቸው እንድትስልበት ያመጣላት ነበር። ቢሮ አንዲት ሴትዮ ወረቀት አታስጥለንም ይል ነበር።»

ሥርጉት ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። «ሴትዮዋ እኔ ነኝ» አለች። ከዚያ የስብሰባውን ነገር፣ የበሩን ነገር፣ ጋሽ ዱሬሳ የነገራትን ሁሉ ሳትደብቅ ነገረቻት። የኮሚቴው ሰዎች ወደ መስኮቱ ዞሩ።

«እኔም የዚያን ዕለት ጠዋት ጮኼበታለሁ» አለች ዙለይኻ። «የመታጠቢያ ቤቱን ሳያጠፋ ወጥቶ። ቀኑን የሚቆርጠው አላህ ነው፣ እትዬ። እኔም ይህን ለራሴ እላለሁ። አንዳንድ ቀን አምነዋለሁ፣ አንዳንድ ቀን አላምነውም።»

ከዚያ ወረቀቶቹን ልትወስድ ጠየቀች። የኮሚቴው ሰብሳቢ «የመንግሥት ንብረት...» ብሎ ጀመረ። ቀናው አላስጨረሰውም፤ «ቆሻሻ ነው፣ ጌታዬ። ቆሻሻ አይቆጠርም» አለና እስሩን ተሸክሞ አወረደላት። ስትወጣ ዙለይኻ ወደ ግድግዳው አመለከተች። «እርስዎ ያጥፉት። እኔ እጄ እንቢ አለኝ።»

ሥርጉት አጠፋችው። ፕሪንተሩ ወደ ንብረት ክፍል ተወሰደ። የሷ ነገር ግን በዚያ አላበቃም። መብራት ሲመጣ አሁንም ጆሮዋ ይቆማል፤ ባዶው ክፍል ሲያጉረመርም ትሰማዋለች።

አንድ ሰኞ ቢሮ ለቢሮ ዞረች፤ በዚህ ጊዜ ሌላ ነገር ይዛ። «ትርፍ ቁልፋችሁን ስጡኝ» አለች። «ረስታችሁ ከወጣችሁ እኔ አጠፋለሁ። በሩ ላይ ትዝ ቢላችሁ እንዳትመለሱ። አደራ፣ እንዳትመለሱ።»

ያቅማማ አልነበረም። ሰርቪሱ ሠራተኛውን ጭኖ ሲሄድ እሷ ወደ ኋላ ትቀራለች። ፎቁን ክፍል በክፍል አይታ ስትጨርስ ጋሽ ዱሬሳ ክንዷን ይዞ አስፋልቱን ያሻግራታል፤ ብቻዋን መሻገር ትታለች። ፈረቃው ቀርቶ መብራት ከተስተካከለ በኋላም ይህ ልማድ ዓመታት ቆየ።

ጡረታ ስትወጣ ቁልፎቹን በእሷ ቦታ ለተተካችው ለመሰለች አስረከበቻት። መሰለች የትኛው ቁልፍ የየትኛው በር እንደሆነ ጠየቀች። «እሱን ቀስ እያልሽ ትለምጅዋለሽ» አለቻት ሥርጉት። «ማታ ማታ ግን ደረጃው አፍ ላይ ቁሚ። እየሮጠ የሚመለስ ሰው ካየሽ፣ ማንም ይሁን ማን፣ አጥፍቼዋለሁ በይው። ባታጠፊውም አጥፍቼዋለሁ በይው።»